ባለቤቴ ትንፋሹ ሲቆም

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ፖሃንግ ወደብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት... በጠራራ ፀሐይ።

ባለቤቴ ቹንሲክ ሌሊት ዓሣ ሲያጠምድ ስለሚያድር የሚተኛው ቀን ነው። ማንኮራፋቱ ግድግዳ ያነቃንቃል። እሱንስ ለምጄዋለሁ።

የሚያስፈራኝ ዝምታው ነበር።

ማንኮራፋቱ ድንገት ቁርጥ ይላል... ደረቱ አይነሳም፣ አይወርድም። ከዚያ ሊሰምጥ ሲል እንደዳነ ሰው "ህእ!" ብሎ ይመለሳል።

ያን ቀን ግን በዝምታው መሃል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"መጣሁ..." አለ በሹክሹክታ።

ቀሰቀስኩት። "ማን ጋ ነው የምትሄደው?"

"እኔ? ተኝቼ? ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ!"

ትራሱ ግን ርሷል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት... የባሕር ውሃ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

"ሲተኙ ጉሮሮዎ ይዘጋል" አለችው ሐኪሟ። "ትንፋሽዎ በቆመ ቁጥር የደም ግፊትዎ ያሻቅባል፣ ልብዎ ይደነግጣል። ምቱ ካሁኑ ተዛብቷል። በዚህ ከቀጠለ ልብዎ ይደክማል።"

አየር እየገፋ ጉሮሮውን የሚከፍት፣ ጭምብል ያለው ማሽን አዘዘችለት።

"ዝሆን አስመሰለችኝ እኮ!" ብሎ ሳቀ።

ቢሆንም አደረገው። ከወራት በኋላ ግፊቱ ወረደ፣ የልቡ ምትም ተስተካከለ። ዝምታው ጠፋ። "መጣሁ" ማለቱም ቀረ።

አውሎ ነፋስ የተነሳ ዕለት ጀልባ አልወጣም። ቹንሲክ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ጸጥ አለ... እሱም ጸጥ አለ።

ሮጬ ገባሁ። ጭምብሉን ገፈፍኩና በልጃችን ስም እየጠራሁ ወዘወዝኩት።

"የሃንሶል አባት! ተነስ! ተነስ በፈጠረህ!"

"ህእ!"

ልቡ መዳፌ ስር ይጋልባል። አየር እንዲያገኝ ደግፌ እስከ በሩ አደረስኩት።

እጄን ጨምቆ ያዘኝ።

"አትንቀሳቀሺ..."

"ምን ሆንክ?"

"ዝም በይ። ስሚ።"

ከኋላችን... የሚያንኮራፋ ድምፅ።

ዞርን።

አልጋው ባዶ ነው። ማሽኑ እንደጠፋ ነው። ጭምብሉ ትራሱ ላይ ወድቋል።

የጭምብሉ ውስጥ በትንፋሽ ጉም ተሸፈነ... ጠራ። ተሸፈነ... ጠራ።

ከዚያ ቆመ።

የጎደጎደው ትራስ ቀስ እያለ ተነፋ... ላዩ ላይ ተኝቶ የነበረ ራስ ወደ እኛ ቀና ያለ ይመስል።