የራባቸው ድንጋዮች

«ቲት... ቲት... ቲት...»

ገላኔ ሪሞቱን ቶሎ አጠፋችው። ግን ዘግይታለች፤ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የነበሩት የአውሮፕላን ክበቡ ልጆች በሙሉ ሰምተውታል።

«እንደገና?» አለ ሙሉጌታ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ቀኑን ሙሉ ቻርጅ አደረግኩት አላልሽም እንዴ?»

«አድርጌዋለሁ! ጠዋት ሰክቼ ወጥቼ፣ ስመለስ ነው የነቀልኩት።»

«እንግዲያማ ካፒቴን ማንጎ አበላሽቶት ነዋ!»

ልጆቹ ሳቁ። «ካፒቴን ማንጎ» የተባለው ሙዳሲር መስኮቱ ሥር ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀምጧል። የተሰበረውን የአውሮፕላን ክንፍ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በስሱ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይጠግናል። ቀና አላለም።

አውሮፕላኗን የሠሯት ከፎም ነው። ክንፏን ያጠነከረላት ቀርከሃ የሙዳሲር ሥራ ነበር፤ በቢላ እየላገ፣ በጣቱ እየመዘነ፣ ወራት ፈጅቶበታል። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ መጀመሪያ ያበረራት እሱ ነበር። ሜዳው ላይ ሪሞቱን ከገላኔ ሲቀበል አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ለካሽ?»

«ለክቻለሁ። ሙሉ ነው» አለችው።

አልለካችም። መለኪያው፣ ልጆቹ ቴስተር የሚሉት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከደብተሮቹ ሥር ነበር። ደግሞ ቻርጀሩን ስትነቅል ቀዩ መብራት ቦግ ብሎ ነበር፤ ምን ያስለካል?

አውሮፕላኗ ተነሳች፣ ሜዳውን ሁለቴ ዞረች፣ ከአጥሩ ወዲያ ሄደች። ከዚያ እጁን አልሰማ አለች። ማንጎ ዛፍ ውስጥ ገብታ ክንፏ ተቀነጠሰ። «ሪሞቱ ጮኸ። መለስኳት። እምቢ አለች፣ ወላሂ!» ብሎ ቢምል የሚያምነው ጠፋ። ሪሞቱ ሙሉ ነው ተብሏላ! ጉራ ሲነዛ ከአቅሙ በላይ አርቋት ነው ተባለ። የፊዚክስ መምህሩ ኪዳኔም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የባምባሲ ተማሪዎች ለእይታ ሲመጡ የሚያበርረው ሙሉጌታ እንዲሆን ወሰነ። ገላኔ ዝም አለች። ባትሪውን ቀኑን ሙሉ መሰካቷን እርግጠኛ ነበረች፤ መለካት አለመለካቷ ምን ለውጥ ያመጣል ብላ ራሷን አሳመነች።

አሁን ግን ያ «ቲት» አለ።

«ወዲህ አምጪው» አላት መምህር ኪዳኔ። የሪሞቱን ጀርባ ከፍቶ ስምንቱን የባትሪ ድንጋዮች አወጣ። እነዚህ ሲያልቁ የሚጣሉ አይደሉም፤ እየተሞሉ የሚሠሩ ናቸው። የቴስተሩን ቀይና ጥቁር ሽቦ ሰጣትና ራሷ እንድትለካ አደረገ። አንዱን ለካች፣ ሌላውን ለካች፣ እስከ መጨረሻው።

«ምን አየሽ?»

«ሁሉም እኩል ናቸው፣ ቲቸር። ሁሉም ደካማ።»

«አንዱ ብቻ ደክሞ ቢሆን እሱን አውጥተን እንጥለው ነበር። ሁሉም አብረው ከደከሙ ግን በሽታ አይደለም፣ ረሃብ ነው። አልበሉም።» ቻርጀሩንም ለካው። «ይሄም ጤነኛ ነው።»

«መብራቱ በርቶ ነበር እኮ!»

«ቀዩ መብራት መሰካቱን ነው የሚነግርሽ። መጥገቡን አይነግርሽም። የቀረው የቤታችሁ ሶኬት ነው። ነገም ሰክተሽው ዋይና እናያለን።»

ሙዳሲር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ክንፉ ተመለሰ። ምነው በተናገረ ኖሮ!

* * *

በማግስቱ መምህራኑ ድንገተኛ ስብሰባ ነበራቸውና ተማሪዎቹ ከቀትር በፊት ተለቀቁ።

የገላኔ እናት ጠጂቱ አጥራቸው ላይ በተከፈተች ትንሽ ሱቅ ሳሙና፣ ጨውና ስኳር ትሸጣለች። ባሏ ሞቱማ ሩቅ ከተማ፣ ማንኩሽ፣ መኪና ስለሚነዳ ወደ ቤት ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ጠጂቱ ክፉን ነገር ከመምጣቱ በፊት ወጥታ የምትጠብቅ ሴት ናት። ባጃጅ ጥሩምባ ከነፋ ልጆቿ የት እንዳሉ ታጣራለች። ገላኔ ጥሬ ማንጎ ስትበላ ካየች የሆድ መድኃኒት ማፍላት ትጀምራለች። የሞቱማ ስልክ ከተዘጋ እስኪከፈት እህል አይወርድላትም።

የቆርቆሮው በር ሲከፈት ሁልጊዜ ይጮሃል። በዚያ ቀን ግን ውሃ ያመጣው ባለጋሪ ክፍት ትቶት ስለሄደ፣ ገላኔ ድምፅ ሳታሰማ ገባች። ግቢው መሐል፣ ጠራራው ፀሐይ ላይ ስፌድ ተቀምጧል። በርበሬ መሰላት። ቀርባ ስታይ ስምንት የባትሪ ድንጋዮች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ አናት በኩል አንዳንድ ፍሬ በቆሎ አለ።

«አዮ!» ብላ ጮኸች። እናቷን በኦሮምኛ እንዲህ ነው የምትጠራት።

ጠጂቱ ከሱቁ እየሮጠች ወጣች። «ያ ገላኔ! ምነው በዚህ ሰዓት? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ መምህራን ስብሰባ አላቸው። አዮ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀስ በይ፣ ኦብሴ ተኝታለች።» ጠጂቱ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ደከሙብኝ ስትዪ ሰምቼ ነው። እናቴ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክምባት ፀሐይ ላይ ታውለው ነበር። ከዚያ ሬዲዮኑ ሳምንት ያወራል። አናትና እግራቸው እንዳይምታታብኝ ደግሞ በቆሎ አደረግኩበት።»

ገላኔ አንዱን አነሳች፤ ፈጃት። በቀሚሷ ሰብስባ ወደ ጥላ ሮጠች። «እነዚህ እንደ ሬዲዮ ድንጋይ አይደሉም! ፀሐይ ይገድላቸዋል። ደግሞስ ቻርጅ ላይ አልነበሩም እንዴ?»

ገላኔ ወደ ቤት ገባች። ሶኬቱ ባዶ ነው። ከሶኬቱ ሥር ፍራሹ ላይ ሕፃኗ እህቷ ኦብሴ እጆቿን ዘርግታ ተኝታለች። ቻርጀሩ ተጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ነበር።

ቻርጀሩን ይዛ ወጣች። «ትነቅይዋለሽ?»

«ስትወጪ እነቅለዋለሁ» አለች ጠጂቱ መሬት መሬት እያየች። «የበሩን ጩኸት ስሰማ መልሼ እሰካዋለሁ።»

«ሁልጊዜ? ባለፈው ዓርብም?»

«ሁልጊዜ።»

ገላኔ አፏን ከፈተች። ስለ ማንጎው ዛፍ፣ ስለ ሙዳሲር፣ ሳምንት ሙሉ ሙድ ስለያዙበት ሁሉንም ልታወርደው ነበር። እናቷ ቀደመቻት።

«ነካሁት፤ ሞቋል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ልጅቷ ከሥሩ ተኝታለች። እኔ ሱቅ፣ አባትሽ ማንኩሽ፣ አንቺ ትምህርት ቤት። እሳት ቢነሳ ማን ይደርስላታል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ‹አዮ ደግሞ!› ትያለሽ።»

እውነት ነው፤ ትስቅ ነበር። ገላኔ የተከፈተ አፏን ዘጋች። ድንጋዮቹን እንደታቀፈች እናቷ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ሱቁ ውስጥ ሶኬት አለ አይደል?» አለች በመጨረሻ። «ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ምንም የሚቀጣጠል ነገር የለም። አንቺም እዚያው ነሽ።»

«ሲሞቅስ?»

«መሞቁማ አይቀርም። ሲበላ ይሞቃል።»

«ምን ያህል?»

በዚህ መሐል ኦብሴ ነቅታ አለቀሰች። ጠጂቱ ገብታ ታቅፋት ወጣች፤ ሳታስበው የእጇን ጀርባ የሕፃኗ ግንባር ላይ አሳረፈች። በቀን ስንቴ እንደምታደርገው እሷም አታውቀውም።

«ልክ እንደሱ» አለች ገላኔ። «የእጅሽን ጀርባ አስነኪው። ኦብሴ ጤነኛ ስትሆን እንዳላት ሙቀት ለብ ካለ፣ እየበላ ነው። ትኩሳት ሲይዛት እንደምትሆነው ካተኮሰው ግን ንቀይው። እኔን አትጠብቂ።»

ጠጂቱ ትንሽ አሰበች። «ትኩሳትማ አውቃለሁ» አለች።

* * *

ዓርብ ማታ ገላኔ ስትመለስ እናቷ እንደ ነርስ ሪፖርት አቀረበችላት። ሪሞቱ ሱቁ ወለል ላይ፣ ከሳሙናውም ከወረቀቱም ርቆ ብቻውን ተቀምጧል።

«ጠዋት ቀዝቃዛ ነበር። ከቀትር በኋላ ለብ አለ። መብራት ሲሄድ ነቀልኩ፣ ሲመጣ ሰካሁ። አላተኮሰውም።» ጠጂቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያ አውሮፕላኗ ዛፍ ውስጥ ገባችበት ያልሽው ልጅ... በእኔ ነው አይደል? መጥቼ ለመምህርሽ ልንገረው?»

ገላኔ ሙሉጌታን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። ለእናቷ የሚያወጣላትን ስም አሁኑኑ ይታወቃታል። አንድ ሳምንት አይደለም፣ ዓመት ሙሉ ይጠሯታል። ከዚያ ደግሞ ሙዳሲር «ለካሽ?» ሲላት ታያት። እናቷ ቻርጀሩን ነቅላለች እንጂ «ለክቻለሁ» አላለችም።

«አይ፣ አዮ» አለች። «እሱ የኔ ነው።»

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ንፋስ የለም። የባምባሲ ልጆች ገና አልደረሱም። ገላኔ መምህሯ ፊት ስምንቱንም ለካች፤ ሁሉም ሙሉ ናቸው። መምህር ኪዳኔ ሪሞቱን አንስቶ ወደ ሙሉጌታ ሲዘረጋ፣ «ቲቸር፣ አንዴ» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«ባለፈው አልለካሁትም። ሙዳሲር ሲጠይቀኝ ለክቻለሁ አልኩት። ባዶ ሪሞት ነው የሰጠሁት።»

«እንዴ!» አለ ሙሉጌታ። «ታዲያ ካፒቴን ማንጎ አንቺ ነሻ!»

«እኔ ነኝ።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ጆሮዋን አጋለው። መምህር ኪዳኔ አልሳቀም። «ለምን ሳይሞላ ቀረ ታዲያ? ሶኬቱ ነበር?»

«ቦታው ነበር፣ ቲቸር። ቀይሬዋለሁ።»

መምህሩ ትንሽ አያት፤ ሌላ አልጠየቃትም። ሙሉጌታ የተዘረጋለትን ሪሞት ተመለከተ፣ ከዚያ በቀርከሃ የተጠገነውን ክንፍ አየ፣ ራሱን አከከ። «አቦ፣ ክንፉን የሠራው እሱ ነው። እሱ ያብርረው» አለ።

ሙዳሲር ቀስ ብሎ መጣ። ገላኔ ፊት ቆሞ ፈገግ አላለም።

«ሳምንት ሙሉ ማንጎ አልበላሁም፣ ታውቂያለሽ?» አላት። «በአንቺ ምክንያት። በማንጎ ጊዜ!»

«ይቅርታ፣ ሙዳሲር።»

«ለካሽ?»

ቴስተሩን አውጥታ ዘረጋችለት። «አንተ ለካ።»

ተቀበላት። ሜዳው ላይ ተንበርክኮ፣ ሁሉም ቆመው እየጠበቁት፣ ሳይቸኩል አንድ በአንድ ለካ። ሲጨርስ የሪሞቱን ጀርባ ዘጋ፣ ቴስተሩን መለሰላት። «ኻላስ፣ ሙሉ ነው» አለ። ያኔ ነው የሳቀው።

ገላኔ ቀና ስትል አጥሩ ጋ አንዲት ሴት አየች። ኦብሴን አዝላ፣ ሱቋን ዘግታ መጥታለች። ከማንጎው ዛፍ በጣም ርቃ ቆማለች። ልጆቹ ሪሞቱን ከብበዋል፤ ባለፈው ቅዳሜ ገላኔ ከፊት ነበረች። ዛሬ ከመሐላቸው ወጥታ ወደ አጥሩ ሄደች።

ሞተሯ ጮኸች፣ አውሮፕላኗ ሣሩን ለቀቀች። ጠጂቱ የልጇን ክንድ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«ትወድቅ ይሆን?»

«እንጃ፣ አዮ» አለች ገላኔ ዓይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል። «ግን ሪሞቱ በልቷል።»