ያልተቋረጠው ገጣሚ

በጃፓን ንጉሥ በታይሾ ዘመን በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ በአምስተኛው ወር በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ በቶኪዮ ከተማ በካንዳ ሠፈር ከቆሙት ቆርቆሮ ለበስ ወተት ቤቶች በአንዱ ውስጥ አርባ ሦስት ገጣሚዎችና አንድ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ታጭቀው ተቀምጠው ነበር። ምድር ተንቀጥቅጣ፣ እሳትም የከተማይቱን እኩሌታ ከበላ ሃያ ወር ሆኖት ነበር፤ ሕዝቡ ካመዱ ላይ ጣውላ እየቸከለ ቤቱን ሲሠራ፣ እነዚህ ደግሞ አዲስ ግጥም እንሠራለን ብለው ማኅበር አቋቁመው ስሙን «ቀይ ቁንጫ» አሉት፤ ቁንጫነታቸውን ማንም አልካደባቸውም።

ቤቱ ይሸት ነበር። የፈሰሰ ወተት በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ገብቶ ከርሟል፤ ማንኪያ ጠረጴዛ ላይ ያኖረ ሰው በሁለት እጁ ይነቅለዋል። በዚያ ላይ የፀጉር ቅባት፣ እርጥብ ካልሲ፣ ስልባቦት የደረቀበት የገጣሚ ጢም ሲጨመር ጤነኛ ሆድ ያለው ሰው ከደጅ ይመለሳል። ግጥሙም ከቤቱ የተሻለ አልነበረም፤ አንደኛው አርባ ደቂቃ ሙሉ ኡህ ኡህ እያለ ስሎ ሲያበቃ «ከተማ የተሰኘው ግጥሜ ነበር» አለ፤ ሁለተኛው ጭንቅላቱን በምድጃ ቱቦ ውስጥ ከትቶ የባቡር መነሻ ሰዓት አነበበ፤ ሦስተኛው ሕይወት ያለው ዓሣ በጥርሱ ነክሶ ስለ ፍቅሩ ተናገረ፤ ከሁለቱ ስሜቱን በቅጡ የገለጸው ዓሣው ነው ይባላል።

በዚያ ዘመን ሕግ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሁሉ ፖሊስ ከመድረኩ ላይ ወንበር ይሰጠዋል፤ ጎራዴውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ እርሳሱን ይዞ ያዳምጣል። ነገር ያልጣመው እንደሆነ ሦስት ቃላት አሉት፤ መጀመሪያ «ተጠንቀቅ»፣ ቀጥሎ «አቁም»፣ በመጨረሻም «ተበተኑ»። ለሠራተኛው ማኅበርና ለጭሰኛው እነዚህ ቃላት መከራ ነበሩ፤ ለቀይ ቁንጫዎች ግን ማዕረግ ሆኑ። ምንም ያልተባለ ገጣሚ በሩ አጠገብ ነፋስ እየመታው ይቆማል፤ ባለ ተጠንቀቁ ወንበር ያገኛል፤ ባለ አቁሙ ምድጃው ዘንድ ይሞቃል። ባለ ተበተኑ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሊቀ መንበሩ ቶኪታ ነው። ይህን ታላቅ ማዕረግ ያገኘው ድመት ምድጃውን ገልብጣ ቤቱ በጢስ ሲታፈን ፖሊሱ «ተበተኑ» ብሎ በመጮኹ መሆኑን ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ድመቷ ግን ምንም አልተሾመችም።

ከበሩ አጠገብ ሁለት ዓመት ሊሞላው የቆመ ሰው ነበር፤ ኑማታ ቶኩጂ ይባላል፤ የኔሪማ መንደር ፍጅል ዘፍዛፊ ልጅ፣ ዕድሜው ሃያ ሰባት። ሠላሳ አንድ ጊዜ መድረክ ወጥቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ በሰላም ወርዷል። አሁን ግን ጭንቅ መጣበት፤ ማኅበሩ የመጀመሪያ መጽሐፉን ሰኞ ለማተሚያ ቤት ሊሰጥ ነው፤ ቶኪታም «ያልተቋረጠ ግጥም ግጥም አይደለም፤ አቁም ያልተባለ ሰው በመጽሐፋችን አይገባም» ብሎ ደንግጓል። ኑማታ እሑድ ካልተቋረጠ ዕድሜውን ሙሉ የፍጅል ዘፍዛፊ ልጅ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ሃምሳ አለቃ ሂሩማ ወደሚጠብቅበት የፖሊስ ጎጆ ሄደ። ሂሩማ ወፍራም፣ እግሩ የሚያብጥበት፣ በንባቡ ሁሉ ግማሹን የሚያንጎላጅ ሰው ነበር፤ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ አገኘው።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ፍጅል ነው፣ ሃምሳ አለቃ። አባቴ በሩዝ ፍሩሽካ የዘፈዘፈው።»

«ጉቦ ጉቦ ይሸታል።»

«ፍጅል ስለሆነ ነው የሚሸተው።»

ሂሩማ አንዱን ቆረጠና አኘከ፤ አባትየውን በሆዱ አመሰገነ። «እሺ፤ ምን ፈልገህ ነው?»

«ነገ እንዲያስቆሙኝ።»

«ምን አጥፍተህ?»

«ምንም አላጠፋሁም። ጣጣው እሱ ነው።»

«ሠላሳ አንድ ጊዜ ሰማሁህ እኮ፣ ልጄ። የቱን ቃል ላስቁም? ባለፈው ስለ ትኋን ነበር ያነበብከው። ትኋን መንግሥት አይደለም።»

«ትኋኑ ምሳሌ ነው።»

«የምን ምሳሌ?»

ኑማታ ጥቂት አሰበ። «እሱን ለሰሚው ትቼዋለሁ።»

«እንግዲያ ሰሚው ያስቁምህ።»

ይህን ይበል እንጂ ሂሩማም የራሱ ቁስል ነበረው። ከአራት ቀን በፊት አደገኛ ሐሳብን የሚቀጣ አዲስ ሕግ ጸንቶ ነበር፤ አለቃውም ጠርቶ «ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ሪፖርት ታመጣልኛለህ፤ ገጣሚ ነው የምትጠብቀው ወይስ ሬሳ?» ብሎታል፤ በሚቀጥለውም ባዶ ከሆነ ወደብ ላይ ቆሞ እንዲያድር ሊልከው ነው፤ በዚያ እግሩ። ሁለተኛውን ፍጅል ቆረጠ።

«ምልክት ያስፈልገኛል። እንቅልፍ ቢወስደኝስ?»

«የመዳብ ድስት ክዳን ይዤ እወጣለሁ፤ በከሰል መቆንጠጫ ሦስት ጊዜ ስመታው ይነሡ።»

«ሦስት። ከዚያ አቁም እላለሁ፣ ስምህን እጽፋለሁ፣ ትሄዳለህ። ወይስ እስርም ትፈልጋለህ?»

«እስሩ ይቅር። ማታ አክስቴ እራት ጠርታኛለች።»

እሑድ ንባቡ እንደተለመደው ተጀመረ፤ ሳሉ፣ አጓሩ፣ አንዱም ራቁት ሆዱ ላይ ማኅተም እያሳረፈ ቆጠረ። የኑማታ ተራ ሲደርስ ክዳኑንና መቆንጠጫውን ይዞ መድረኩ ሥር ቆመ። ሂሩማም ላቡን ጠረገና ተዘጋጀ፤ አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሎታል፤ የአደን ኮፍያ ያደረጉ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከበላይ የተላኩ ነጭ ለባሾች መሆናቸውን ከጫማቸው አወቀ።

ማኅበሩ አንድ ልማድ ነበረው፤ «የጠርሙስ መብት» ይሉታል። ከሰሚው መካከል አንድ ጠርሙስ ወተት ሳይተነፍስ የጨለጠ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከባለ ተራው አባል በፊት አንድ ጊዜ ያነባል። ብዙ ጊዜ በዚህ የሚጠቀመው የሰከረ ተማሪ ነው፤ እሱም ግማሹን ይተፋዋል። የዚያን ቀን ግን ከማጠቢያው ገንዳ በኩል ጠርሙስ አጣቢዋ ሺጌ ወጣች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እጇ በሶዳ ተሰነጣጥቋል። በሁሉም ፊት ጠርሙሱን አነሣች፣ ቆማ ጨለጠችው፣ አፏን በመደረቢያዋ ጠረገች።

ቶኪታ ሳቀ። «ሺጌ፣ አንቺ እንድታጥቢው ነው እንጂ እንድትጠጪው መች ተቀጠርሽ?»

«ሒሳቡን ከፍያለሁ፣ መምህር። የጠጣ ያንብብ ይላል ሕጉ።»

«ግጥም አለሽ እንዴ?»

«እኔ አላውቅም። ሰምተው እርስዎ ይንገሩኝ።»

«በይ ውጪ። ዛሬ ቁንጫዋ ብዙ ነች።»

ሺጌ በኑማታ አጠገብ ስታልፍ «ቶሎ በይ፤ ተራው የኔ ነው» አላት።

«አጭር ነው፣ ኑማታ ሳን» አለችው በአገሩ የአክብሮት አጠራር።

ወረቀት አልያዘችም። እጆቿን መደረቢያዋ ላይ አድርጋ፣ ጠርሙስ እንደምትቆጥር ሁሉ ድምፅዋን ሳታነሣ ሳትጥል ጀመረች።

«በዘጠነኛው ወር በሦስተኛው ቀን አርባ ጠርሙስ አጠብኩ። እሳቱ ገና ይታይ ነበር።»

እዚህ ላይ ሌላም ልማድ መነገር አለበት። ቀይ ቁንጫዎች ተራ ቃል በተራ ድምፅ የሚናገር ሰው ሲያጋጥማቸው ማንኪያ በጠርሙስ እየመቱ ያንጫጩበታል፤ «ማንቃት» ይሉታል። ማንኪያዎቹ ከየጠረጴዛው እየተነቀሉ መንጫጫት ጀመሩ። ሺጌ አልቸኮለችም፤ አልቆመችም።

«ጋሪያችንን የሚገፋው ኮሪያዊ ወተቱን ለተጠማ ሁሉ በነጻ አደለ። ኮሪያውያን የውሃ ጉድጓድ መርዘዋል የሚል ወሬ ነበር። የቀርከሃ ጦር የያዙ የሠፈራችን ሰዎች መጡ። ለእነሱም ሰጣቸው። ጠጡና አመሰግናለሁ አሉት። ከዚያ አንተ ማን ነህ አሉት።»

ምድጃው ዘንድ ያለው ማንኪያ ዝም አለ። ቀጥሎ የመስኮቱ።

«ጂሮ ነኝ አላቸው። ጂሮ ያልነው እኛ ነን፤ የራሱን ስም ለማወቅ ሰንፈን። እኔን አዩኝና ስሙ ይሄ ነው ወይ አሉኝ። እኔ ጠርሙስ አየሁ። ወደ ቦዩ ወሰዱት። ያን ቀን አርባ ጠርሙስ ወጥቶ ሠላሳ ዘጠኝ ተመለሰ።»

በዚህ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ማንኪያ በቤቱ አልነበረም። የሚስለው ገጣሚ ሳሉን ውጦ ነበር፤ ሃምሳ አለቃ ሂሩማም እርሳሱን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ሴትየዋን ያይ ነበር፤ በዚያ ወንበር ላይ በተቀመጠበት ዘመን ሁሉ ነቅቶ የሰማው ይህን ብቻ ነው፤ ሊያስቆማትም አላሰበም።

ኑማታ ይህን ጸጥታ አየው። ሠላሳ አንድ ጊዜ ቆሞ አንድም ጊዜ አልሰጡትም፤ ለጠርሙስ አጣቢ ሰጧት፤ ለዚያውም ቤት እንኳ ለማይመታ ነገር። ማንቃት የማኅበሩ ደንብ ነው ብሎ ለራሱ ነገረና ክዳኑን አንድ ጊዜ መታ። ማንም አልተከተለውም።

«በክረምት ከእናቱ ደብዳቤ መጣ» አለች ሺጌ። «ላዩ ላይ ስሙ ነበር። ሲጠይቁኝ አላውቀውም ነበር።»

ሁለተኛ መታ። መዳቡ ሲጮኽ የሂሩማ ዐይን ተነሥቶ በኑማታ ላይ ወደቀ፤ እሱም በዚያች ቅጽበት የቅዳሜውን ስምምነት አስታወሰ። እጁ በአየር ላይ ነበር፤ ያወረደውም እያወቀ ነው። ሦስተኛውን መታ።

«አሁን አውቀዋለሁ። ስሙ —»

«አቁም» አለ ሂሩማ። ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ነበር፤ ከአፉ ማን እንዳወጣው እሱም የገረመው ይመስል ነበር።

አንዴ ከተባለ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። በሩ ላይ የቆሙት ሁለቱ መጥተው በግራና በቀኝ ያዟት፤ መደረቢያዋን እንድታወልቅ እንኳ አልጠበቋትም። አርባ ሦስቱ ገጣሚዎች ወተታቸውን እያዩ ተቀመጡ።

በጣቢያው ሂሩማ ሪፖርቱን ጻፈ። ደንቡ በጉባኤው የተነገረውን ቃል ብቻ ጻፍ ስለሚል፣ «ስሙ» ብሎ አቆመ። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጦ፣ «ይሄ ከመዝገብ ውጭ ነው። ማን ነበር ስሙ?» አላት።

«ሰው ሁሉ ሊሰማ ዝም ብሎ ነበር፣ ጌታዬ። እዚያ ነበር የምለው። እዚህማ ለግድግዳ ነው» አለችው። ሂሩማ ወደብ አልተላከም፤ ሪፖርቱ ስለ ተወደደለት የሦስት ቀን ዕረፍት ተሰጠው፤ ሦስቱንም ቀን ፍጅል አልበላም ይባላል።

ሰኞ የወጣ አንድ ጋዜጣ «በካንዳ ገጣሚ ኑማታ ቶኩጂ በፖሊስ ተቋረጠ» ብሎ ጻፈ፤ ወሬ ለቃሚው ንባቡን አልሰማም፤ ስሙን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የተራ ዝርዝር ነው የገለበጠው። ጋዜጣው ከአባል ወደ አባል ዞረ።

«ይሄ እንኳ ልክ አይደለም» አለ ኑማታ፣ የሚከራከረው ሰው እየጠበቀ።

«ጋዜጣ የጻፈውን እኔ ነኝ የማርመው?» አለ ቶኪታ። «ምን እንበል? ከሁላችን ተለይታ የተሰማችው ጠርሙስ አጣቢ ናት እንበል? ስለዚያ ቦይስ ማን ያውራ፤ ከመካከላችን ያን ሳምንት የት እንደ ነበረ የሚናገር አለ?» ከጠረጴዛዎቹ አንዱ ላይ ወተት ረግቶ ነበር፤ ቶኪታ በጣቱ ገለል አደረገውና «ና፣ ምድጃው ጋ ተቀመጥ» አለው። ኑማታም ሄዶ ተቀመጠ፤ ሞቀውም።

መጽሐፉ ታተመ። በሃያ አራተኛው ገጽ የኑማታ ስም ከላይ፣ «እዚህ ላይ ተቋረጠ» የሚል ቃል ከታች ሰፈረ፤ መካከሉ ነጭ ነው። ያነበበው ሁሉ ተደነቀ፤ እንዲህ ያለ ግጥም በአገሩ ታይቶ አይታወቅም።

ሺጌ በሃያ ዘጠኝ ቀኗ ተፈታች፤ ጣቢያ ያለ ፍርድ የሚያስርበት ልክ ይህ ነው። ወተት ቤቱ ሌላ አጣቢ ስለቀጠረ ጓዟ በአንድ ጨርቅ ታስሮ በፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ኑማታም ይጠብቃት ነበር፤ በቅጠል የተጠቀለለ ፍጅል ይዟል።

«ሺጌ ሳን፣ ደህና ነሽ? ከስተሻል።»

«ደህና ነኝ።»

«ስለ ክዳኑ ...» ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ ክዳኑ ለማን ለማን ነገርሽ?»

ሺጌ ብዙ አየችው። ስታጥበው እድፉ ያልለቀቀ ጠርሙስ እንደምታይ አየችው።

«ሃምሳ አለቃው እንኳ ስሙን ጠይቆኛል» አለችው። ፍጅሉን ሳትቀበል፣ ጓዟን ጀርባዋ ላይ አዝላ ወደ ቺባ በሚወስደው ባቡር በኩል ሄደች። እሱም አልተከተላትም፤ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ፣ አልነገረችም ማለት ነው ብሎ ተነፈሰ።

ከዚያ ወዲያ ዘመን አለፈ። ሪፖርቱ «ስሙ» በሚለው ቃል እንዳበቃ ከጣቢያው ጋር በጦርነቱ ጊዜ ከሰማይ በወረደ እሳት ነደደ። ሺጌ በቺባ ባሕር ዳር ቀንድ አውጣ እየለቀመች ኖራ ሞተች፤ ግጥም ታውቂያለሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። የኑማታን ነጭ ገጽ ግን ሊቃውንት ተሟገቱበት፤ አንዱ የዝምታ ተቃውሞ ነው አለ፤ ሌላው የአዲሱ ግጥም መነሻ እርሱ ነው ብሎ ሦስት መቶ ገጽ ጻፈበት። ገጹ ባዶ የሆነው የሚጻፍበት ስለጠፋ መሆኑ ለማንም አልታየውም።

በኔሪማ ለኑማታ መታሰቢያ የሆነች አንዲት ክፍል አለች፤ መስተዋት ውስጥ የመዳብ ክዳን ተቀምጧል። «ገጣሚው አፉን በተዘጋ ጊዜ በእጁ የነበረ» ይላል ጽሑፉ። ከጠርዙ አጠገብ ሦስት ስርጉዶች አሉት፤ ተማሪዎች እየመጡ ይቆጥሯቸዋል። አጎንብሶ በደንብ የተመለከተ ሰው፣ ሦስተኛው ከሁለቱ ጠልቆ መግባቱን ያያል።