ውሃው አርባን ሲያልፍ

«ውሃው ፎርፏል!» አለ ሱፍያን ከኋላ ወንበር፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ረብሃ ጠመኔዋን እንደያዘች ሰሌዳው ፊት ቀረች። መምህር በልቃሲም የሰጧቸው የቤት ሥራ ሲያዩት ቀላል ነበር። በቤታችሁ የሚያድግ ነገር ፈልጉ፣ በየሳምንቱ ለኩ፣ እኩልታ ሠርታችሁ የት እንደሚደርስ ተንብዩ። አንዱ የጠቦት ክብደት አመጣ፣ ሌላው የሽንኩርት ቁመት። እሷ ያመጣችው በአያቷ የተምር ማሳ ውስጥ ከመሬት ሽቅብ የሚመጣውን ውሃ ነው። መለካት ስትጀምር ሃያ ሳንቲሜትር ነበር፣ በየሳምንቱ አራት ይጨምራል፤ 20 + 4x። ሃያ፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ ሁለት፤ እስከዚህ ድረስ ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠላሳ ሦስት ላይ ቀረ።

«ሱፍያን፣ አፍህን ሰብስብ» አሉ መምህሩ። ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብለው ቁጥሮቹን አዩ። «ስሚ ረብሃ፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የነበረ መስመር እንዲህ በድንገት አይጎብጥም። ወይ ውሃው የምር ቆሟል፣ ወይ መለኪያሽ አንድ ነገር ሆኗል። ዛሬ ሄደሽ መለኪያሽን እይው።»

መለኪያዬ ምንም አልሆነም ልትል ፈልጋ ጠመኔዋን አስቀመጠች። የቤታቸው ሰላም የቆመው በዚያ የመለኪያ ዱላ ላይ ነው።

የአያቷ የላሚን ማሳ በአሸዋ መሃል የተቆፈረ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ በሱፍ በረሃ የሚኖረው ሰው «ጉት» ይለዋል። የላሚን አባት አሸዋውን በዘንቢል ዝቀው ዝቀው፣ ቤት የሚውጥ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ተምሮቹን ከታች ተከሉ። ሥሩ ራሱ ወርዶ ይጠጣል፤ ማንም አያጠጣውም። ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት በጉቱ ጥግ ውሃ ብቅ ሲል ላሚን በደስታ በግ አረዱ። «ውሃው ራሱ እግራችን ስር መጣ!» አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ መረቀ፣ በላ። ምን ያድርጉ? በበረሃ ኖሮ ውሃን የሚፈራ ማን አለ! በዓመቱ ግን የጎረቤቶቻቸው ተምሮች ሥራቸው በውሃ ተዘፍቆ እንደቆሙ በሰበሱ።

የረብሃ አባት ከእናት ተምሮቹ ግንድ ስር የበቀሉትን «ልጆች» ቆርጦ ከፍታ ላይ መትከል፣ ጉቱንም በአሸዋ መድፈን ፈለገ። ላሚን «እኔ በቁሜ?» ብለው ጮኹ። አባትና ልጅ ተኳርፈው ከረሙ። በመጨረሻ ላሚን በሰው ፊት ቃል ገቡ። «ውሃው ዱላው ላይ አርባን ካለፈ እኔው ራሴ እቆርጣለሁ። እስኪያልፍ ግን ማንም ስሙን እንዳያነሳብኝ!» ስልሳ ስምንት ሲሞላ ውሃው ትልቋ ተምር ግንድ ስር ይደርሳል። ያኔ እናቲቱም ልጆቿም አይተርፉም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ ወደ ጉቱ ወረደች። ላሚን እንደ ልማዳቸው ነፋስ ያወረደውን አሸዋ በዘንቢል እየሞሉ ነበር።

«መጣሽ የኔ ልጅ? ስንት ይላል ዛሬ?»

«ሠላሳ ሦስት፣ አባባ።»

«አላልኳችሁም! ወላሂ፣ ውሃው ጠግቧል።» ይህን ሲሉ ግን አላዩዋትም።

ረብሃ እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች። ዱላውን ስትተክለው የዜሮዋን ምልክት ልክ ከአሸዋው ጋር አስተካክላ ነበር፤ ራሷ ናት በቢላ የቀረጸችው። እጇን ውሃው ውስጥ ከትታ በጣቷ ዳበሰች። አሸዋውን አገኘችው። ዜሮውን አጣችው። ጣቷን ሽቅብ ብትሰድ፣ ሙሉ መዳፏ ከሚሸፍነው በላይ፣ አሥራ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ አገኘችው።

ዱላው በራሱ ከአሸዋው አይወጣም። ሠላሳ ሦስት ላይ አሥራ አንድ ሲደመር አርባ አራት... ማሰብም አላስፈለጋት፤ መስመሩ ስድስተኛው ሳምንት ላይ የሚለው ይህንኑ ነበር።

ቀና ስትል ላሚን ዘንቢሉን ታቅፈው ቆመዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርጥብ ነው።

«ተይው፣ ረብሃ» አሉ ቀስ ብለው።

«አባባ... እርስዎ ነዎት?»

«አንድ መከር ብቻ ነው የፈለግኩት። አንድ! በልግስና ስታፈራ የኖረችን ዛፍ ፍሬዋን ሳልለቅምላት ልቅበራት?» ዘንቢሉን ጠበቅ አድርገው አቀፉ። «ማታ አባትሽ ሲጠይቅሽ ሠላሳ ሦስት በይው። ምን ይጎዳሻል?»

ረብሃ ተናደደች፤ አዘነችም፤ የትኛው እንደበለጠ አላወቀችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በእራት ሰዓት «ሠላሳ ሦስት» ስትል አባቷ አምኗታል። እኚህ ሽማግሌ ደግሞ በሕፃንነቷ እዚችው ተምር ጥላ ስር አስተኝተው ያሳደጓት ናቸው።

«መከሩ መቼ ነው አባባ?»

«በጥቅምት ነዋ፤ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል።»

«ውሃው እናቲቱ ጋ የሚደርሰው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።»

«ማን አለ?»

«ስልሳ ስምንት እኩል ይሆናል ሃያ ሲደመር አራት x። ሃያውን ቀንሰው ለአራት ቢያካፍሉት አሥራ ሁለት ሳምንት ይመጣል። ግማሹን ዱላውን እያየን ፈጀነው።»

ላሚን ቀና ብለው ገና ያላበበችውን ትልቋን ተምር አዩ፣ ከዚያ በግንዷ ዙሪያ የተኮለኮሉትን ልጆቿን።

ረብሃ ዱላውን በሁለት እጇ ያዘችና ዜሮው አሸዋውን እስኪነካ ድረስ ወደ ታች ገፋችው። ውሃው አርባ አራት ላይ ቆመ። አባቷ ሲጠይቃት ይህን ትነግረዋለች። ዱላውን ማን እንዳነሳው ግን እሷ አትናገርም፤ እሱን መናገር የላሚን ፈንታ ነው።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በጉቱ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን መቁረጫ ብረት አነሳች። ከባድ ነበር።

«ከየትኛዋ ነው የምንጀምረው፣ አባባ?»

ላሚን ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀመጡና፣ ብረቱን ከእጇ ተቀብለው፣ ለውሃው ቅርብ ወደሆነችው ትንሽ ቡቃያ ሄዱ።