ካሴቱ አልቆ ባዶው ሲሄድ

ጂን ምናምን የሚባለውን ነገር፣ አላህ ይጠብቀን እንጂ፣ አምኜ አላውቅም፣ ጎረቤት ሲያወራ እንኳ «ሥራ ፈታችሁ» ብዬ ነው የምነሳው፤ ትምህርቴ ከማንበብና ከመጻፍ አያልፍም፣ ግን ሞኝ አይደለሁም፣ እመኑኝ።

ከወሎ መቀሌ የመጣሁት በትዳር ነው፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፣ ስሰፋ ደግሞ ካሴት ካልዘፈነልኝ እጄ አይሄድም። ልጄ ዘሀራ በስልኳ ስንቱን ብትከፍትልኝ፣ አይሆንልኝም፣ ስልክ ከአንዱ ዘፋኝ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ካሴት ግን ሰውን ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አንዱ ካሴቴ መንዙማ ነው፣ ድቤው ሲመታ የደሴ ጉም ቤቴ የገባ ይመስለኛል። አንዱ የሠርግ ጭፈራ ነው፣ እሱ ሲከፈት እግሬ ሳላውቀው ይፈጥንና ስፌቱ ይጣመማል። ከሁሉም የምወደው ግን አንዲት ሴት በማሲንቆ የምትዘፍንበት ነው፣ ጮክ አትልም፣ ግድግዳ ተደግፋ ለአንድ ሰው ብቻ የምታወራ ነው የምትመስለው፣ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ ግን ደግሜ እከፍተዋለሁ። ዘፈኑ አልቆ የካሴቱ ክር ባዶውን ሲሄድ የሚሰማው ሽሽሽ የሚል ድምፅ እንኳ ደስ ይለኛል፣ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይመስላል።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ስፒል በከንፈሬ ይዤ ቀሚስ ሳስተካክል፣ በዚያ ባዶ ላይ ቴፑ «ዘሀራ!» አለ። በእኔ ድምፅ። ድምፅ ይመሳሰላል ትሉኝ ይሆናል፣ ግን መጨረሻዋን ሳብ አድርጌ የምጠራው የራሴ አጠራር ነው።

ልጄም ከጓሮ «አቤት እማ!» ብላ በሳሙና እጇ መጣች። «ጠራሽኝ?»

አፌን አሳየኋት፣ ስፒል በስፒል።

«ታዲያ ማን ነው?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ተከራያችንን ብርኽቲን ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ያገኘችውን ሁሉ በስልኳ ትቀርጻለች። «አንቺ፣ ድምፄን ካሴቴ ላይ ጨመርሽው?»

«ኣደይ» አለችኝ፣ በትግርኛ እናቴ ማለቷ ነው፣ «እኔ ካሴት በየት በኩል እንደሚገባ እንኳ አላውቅም! ጆሮሽን ዓይደር ሆስፒታል ወስጄ ላሳይልሽ?»

አላመንኳትም፣ ካሴቱን አውጥቼ ጀርባውን አየሁ። የካሴት ዘመን ሰው ያውቀዋል፣ ጥርሱ ከተሰበረ፣ ቀዳዳው በወረቀት ካልተደፈነ በቀር አይቀረጽበትም። ጥርሱ ተሰብሯል፣ ቀዳዳው የቆየ አቧራ ቋጥሯል፣ ማንም አልነካውም። ደግሞ ያ ካሴት የተገዛው ዘሀራ ሳትወለድ ነው።

በእኛ አገር የጠራህን ካላየህ ሦስቴ ሳትጠራ አቤት አይባልም፣ ሰው ያልሆነ ሦስቴ አይጠራም፣ በመጀመሪያው አቤት ያለውን ይወስደዋል ይባላል። እኔ ተረት ነው ብዬ ለልጄ አላስተማርኳትም ነበር። ያን ቀን ግን አስማልኳት፣ «እኔም ብሆን ሦስቴ ሳልጠራሽ አቤት እንዳትዪ።» ያን የምወደውን ካሴት ክሩን ጎትቼ በመቀስ ቆራረጥኩት፣ እያለቀስኩ።

በቀደም መብራት ጠፍቶ፣ ቴፑም ዝም ብሎ፣ እኔ ስፒሌን ነክሼ ደጃፉ ላይ እሰፋለሁ። ዘሀራ ከጓሮ «አቤት እማ፣ መጣሁ!» አለች። ከዚያ በፊቴ አልፋ፣ ሳታየኝ፣ ወደ ውጭ በር ሄደች።

ስፒሉን ተፍቼ «ዘሀራ!» አልኩ። አልዞረችም። «ዘሀራ!» እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው። በሦስተኛው ዞረች።

«አቤት? ውጭ አልነበርሽም እንዴ?»

«ስንቴ ተጠራሽ?»

«አንዴ። አንቺ መሆንሽን አውቄ ነዋ፣ ምን ያስቆጥረኛል?»

«ታዲያ እኔን ለምን እስከ ሦስት ቆጠርሽብኝ?»

እጇን ከመቀርቀሪያው አንስታ ወደ ጓሮ ተመለሰች። ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ አሁን ሦስቴ እጠራታለሁ፣ ትመጣለች፣ ግን ከማቀበሏ በፊት ፊቴን አየት ታደርጋለች፣ እኔ መሆኔን እንደተጠራጠረ ሰው።