አባቴ ወዶ የረሳት ክፍል

ከሌላ ሰው ብሰማው እኔም አላምንም ነበር። ግን በዓይኔ ያየሁት ነው... በቁሜ፣ በነቃ አእምሮዬ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው የጀመረው። ጠራራ ፀሐይ። የምሠራበት የአልዛይመር ምርምር ማዕከል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ።

ሥራዬ የሕሙማኑን የማስታወስ ችሎታ መፈተን ነው። "ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" እላለሁ። ከዚያ ወረቀት ሰጥቼ "ሰዓት ይሣሉልኝ" እላለሁ። ቀላል ይመስላል። አእምሮው የተጎዳ ሰው ግን ቁጥሮቹን ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ያጭቃቸዋል።

ያኔ አዲስ መድኃኒት እየሞከርን ነበር። አእምሮ ውስጥ የሚጠራቀመውን ዝቃጭ ያጥባል የተባለ።

መድኃኒቱን ከሚወስዱት አንዱ አባቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር። ልጁ መሆኔ ከጠፋበት ቆይቷል፤ "እህቴ" እያለ ነው የሚጠራኝ።

መድኃኒቱን በጀመረ በወሩ "ሚጢ" አለኝ።

የልጅነት ስሜ ነው። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ያን ቀን ፊቴ የተቀመጡት ግን አባቴ ሳይሆን መድኃኒቱን የሚወስዱ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ከአባቴ ጋር ተያይተው አያውቁም።

ሰዓት ይሣሉ ስላቸው ደረጃ ሣሉ። ከደረጃው ሥር ደግሞ... አንዲት አጭር በር።

"ይቺ ምንድን ናት፣ እትዬ?"

"ክፍሏ ናታ።"

"የማን?"

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሚጢ... አንቺ እዚያ ቤት አይደል እንዴ ያደግሽው?"

ያን ስም ከአባቴ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ያደግኩበት ቤት ደረጃ አለው፣ እውነት ነው። ከሥሩ ያለው ግን ግድግዳ ነው። በር አይቼ አላውቅም።

ቀጥሎ የገቡትም መድኃኒቱን የሚወስዱ፣ የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ቀልደኛ ሰው። ሌላ ጊዜ "ሰዓት ከፈለግሽ ግዢ፣ እኔን ምን ታደክሚኛለሽ?" ይሉኝ ነበር።

ያን ቀን አልቀለዱም። እርሳሱን አንስተው ሣሉ።

ያው ደረጃ። ያቺው አጭር በር።

የሳቸው በር ግን... ገርበብ ብሏል።

ሁለቱንም ሥዕል ይዤ ምርምሩን ወደምትመራው ሐኪም ሮጥኩ።

"የተጎዳ አእምሮ ክፍተቱን በፈጠራ ይሞላል" አለችኝ። "የተለመደ ነው።"

"ሁለት ሰው? አንድ ዓይነት ፈጠራ?"

ሥዕሎቹን ትክ ብላ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"አባትሽ ዛሬ ጠዋት 'ሰዓት ይሣሉ' ሲባሉ እርሳሱን ሰበሩት።"

ወደ አባቴ ክፍል ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል።

"አባዬ..."

"ሽሽ... ዝጊው።"

ዘጋሁት።

"ከደረጃው ሥር ምን ነበር?"

እጄን ጨመቀኝ።

"እኔ በበሽታ የረሳሁ መስሎሻል? ግድግዳውን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። ግድግዳው አላቆማትም። መርሳቴ ነው ያቆማት።"

"ማንን?"

"ስትታወስ ትመጣለች፣ ከነእርጥብ እጇ... አሁን ደግሞ የምናስታውሳት ሦስት ሆንን።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። "መድኃኒቱን አስቁሚልኝ፣ ልጄ።"

"ከቆመ እኔንም ትረሳኛለህ እኮ!"

ጉንጬን ዳሰሰኝ።

"አውቃለሁ፣ ሚጢዬ... አውቃለሁ።"

አስቆምኩለት።

ሐኪሟ ተቆጣችኝ። "ሰው ከገደል አፋፍ እየመለስን እኮ ነው!" አለች።

ውሎ አድሮ ግን እሷም የአስተማሪዋንና የሹፌሩን መድኃኒት አቆመች። ምክንያቱን አልነገረችኝም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ለበር ጀርባዋን ሰጥታ ስትቀመጥ አላየኋትም።

የአባቴ ትዝታ እንደ አመጣጡ ሄደ። መጀመሪያ ሚጢ ጠፋች። ቀጥሎ መርፌውና መቀሱ።

አንድ ቀን እያጎረስኩት "እህቴ፣ አንቺ አባት አለሽ?" አለኝ።

"አለኝ" አልኩት።

"እሰየው" ብሎ ፈገግ አለ። እንዲያ ያለ ሰላም ፊቱ ላይ አይቼ አላውቅም። ለዚያ ፊት ስል ሆዴን ቻልኩት።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም ነበር...

እሱ ረሳ። እኔ ግን አሁን ስለሷ አውቃለሁ።

አላስብም ብዬ እነሳለሁ፣ ፊቴን ሳልታጠብ አስባታለሁ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ልጠይቀው ሄድኩ። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል።

"ሰው መጥቶ ነበር?" አልኳት ነርሷን።

"ኧረ ማንም።"

ትራሱን ላስተካክል ከኋላው ጎንበስ አልኩ። ፀጉር አስተካካይ ጋ ሳልወስደው ስለቆየሁ ሽበቱ ማጅራቱ ላይ ወርዷል።

በቀጭን በቀጭኑ ተጎንጉኗል።

ነካሁት...

እርጥብ ነው። ከጉንጉኑ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።