ብል ያልደፈረው ገጽ

በኤርሞዝ መንግሥት መጽሐፍ ይሳማል፣ ይማልበታል፣ ይታቀፋል እንጂ አይገለጥም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበዓለ ልባስ፣ መኳንንቱ መጽሐፎቻቸውን ወርቀ ዘቦ ከፋይ አልብሰው፣ በአሽከር አሸክመው፣ ጥላ አስይዘው አደባባይ ይወጣሉ። የማን ልባስ እንደሚያበራ ይፎካከራሉ። ውስጡ ምን እንደሚል የጠየቀ ሰው ግን አሳዳጊ እንደበደለው ይቆጠራል። ሕዝቡም እልል ይላል፤ እልልታ ፊደል አይጠይቅምና።

ምልክቱ የታየው በዚያ በዓል ዕለት ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ከልባሶቹ ሥር ዱቄት የመሰለ ግራጫ ብናኝ ይዘንብ ጀመር። አሽከሮቹ ሸክማቸው ድንገት ቀለላቸው። ልባሶቹ ሲፈተሹ፣ ባዶ! ወዲያው ከቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ ክንፉ እንደ ድንኳን የሰፋ፣ ዓይኑ እንደ ፍም የቀላ ታላቅ ብል ተነሣ። በእግሮቹም የመንግሥቱን የመጨረሻ መጽሐፍ፣ መጽሐፈ ምንጭን፣ አንጠልጥሎ ወደ ዛርጋም ተራራ በረረ። በዚያችው ቅጽበት ከተማይቱን የሚያጠጣው ምንጭ ድምፁን አጥፍቶ ደረቀ።

ውሃው ከየጋኑ ሥር ሲደርስ ንጉሥ አርማዞን መኳንንቱን ሰበሰበ።

«የምንጩ ምሥጢር በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንደተጻፈ አባቶቻችን ነግረውናል። እስቲ ንገሩኝ፤ ምን ይል ነበር?»

ያንን መጽሐፍ ስመው የተሾሙ፣ እጃቸውን ጭነውበት የፈረዱ፣ ግንባራቸውን አሽተውበት ከራስ ምታት ተፈወስን ያሉ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። በመጨረሻ የመጻሕፍት ጠባቂዎች አለቃ አዛዥ ባልቃድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግርማዊ ሆይ፣ ስለ ውስጡ እንኳ… ብቻ ልባሱ እጅግ ብርቅ ዕንቁ ነበረበት።»

«እኔ ግማሹን አንብቤዋለሁ» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ።

የአዛዡ ልጅ ኤልዳር ነበር፤ ከሰው የማይገጥም፣ ዓይኑን ከፍቶ የሚያልም ወጣት። ፊደል ያስተማረው መንገደኛ ነጋዴ ነው። አንድ ጊዜ መጽሐፈ ምንጭን ሰርቆ ሲያነብ እኩሌታው ላይ ተይዞ፣ «ጠርዙን አጎበጥከው» ተብሎ በገዛ አባቱ ትእዛዝ በአደባባይ ተገርፏል።

«አሁንም አታፍርም አንተ?» ብሎ አባቱ ጮኸ።

«አፍሬያለሁ አባባ፤ ግን በእናንተ ነው። ብል በሕይወት ያለ ሰው ያነበበውን ገጽ መብላት አይችልም፤ ይህም ባነበብኩት ግማሽ ተጽፎ ነበር። አንዳችሁ እንኳ ብትገልጡት ኖሮ ይህ ጉድ ባልደረሰ። ግርማዊ ሆይ፣ በደረቀው ምንጭና በእህቴ በሲላ የተሰነጠቀ ከንፈር እምላለሁ፤ መጽሐፉን አንብቤ ሳልጨርስ አልመለስም!»

ንጉሡ አንድ ሰው ብቻ ጨመረለት፦ ገልሞን። ኤልዳር የተገረፈ ዕለት አለንጋውን የያዘው ግዙፍ ዘበኛ እርሱ ነበር።

«አለንጋዬ አልመከረህም ማለት ነው፣ ጌታ ቀለሜ?» አለው ገልሞ መንገድ ሲጀምሩ።

«መክሮኛል እንጂ አያ ገልሞ። ሳነብ በር መዝጋት እንዳለብኝ ነግሮኛል።»

ገልሞ ሳይወድ ሳቀ። «ለመሆኑ ምኑ ነው እንዲህ የሚያንሰፈስፍህ? ጥቁር ጥቁር ጭረት አይደለም እንዴ?»

«ስምህም ከዚያው ጭረት ይሠራል።» ኤልዳር የገልሞን ጋሻ ተቀብሎ በጩቤ ጫፍ ሦስት ፊደል ጫረበት። ግዙፉ ሰው ጋሻውን ወደ ብርሃን ዘወር፣ ወደ ጥላ መለስ እያደረገ ብዙ አየው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«ብሞትም?»

«ብትሞትም።»

ከዚያ በኋላ የእሳት እባቦችን ሸለቆ ሲሻገሩ ገልሞ በጋሻው አንድ ጎን ብቻ ይመክት ነበር። ስሙ ባለበት በኩል ጥርስ እንዲያርፍበት አልፈቀደም።

የዛርጋም ዋሻ በባዶ ልባሶች ተሞልቶ ነበር። ብሉ በክምሩ ላይ ተኝቷል፤ መጽሐፈ ምንጭ ከፊቱ ነው።

«የኤርሞዝ ሰዎች!» አለ ብሉ፣ ድምፁ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ ይመስል። «እንደ እናንተ ያለ ለጋስ አላየሁም። የመድኃኒት ዕፀዋትን መጽሐፍ አስቀመጣችሁልኝ፤ ልጆቻችሁ በንዳድ ሲረግፉ እኔ እበላው ነበር። የከዋክብቱን አስቀመጣችሁልኝ፤ መርከቦቻችሁ መንገድ ጠፍቷቸው ሲሰጥሙ እርሱንም በላሁ። የፍቅር ግጥሙስ! የአንድ ሰው ዓይን ሳያርፍበት፣ ከነወዙ! ይህ ብቻ ግማሹ መረረኝ። ማነው ያበላሸው?»

«እኔ ነኝ። ቀሪውን ልጨርስ መጣሁ» አለ ኤልዳር፤ ዘሎም መጽሐፉን ነጠቀ።

ገልሞ በያዘው ችቦ ብርሃን ጮክ ብሎ አነበበ። በየቃሉ ከብሉ ክንፍ ብናኝ ረገፈ። አውሬው ግን ክንፉን አንዴ ሲያማታ ችቦው ጠፋ፤ ዋሻው ጨለመ፤ ንባቡም ቆመ። በዚያ ጨለማ የዘይት ሽታ መጣ። ገልሞ ለችቦው የያዘውን ዘይት በለበሰው ካባ ላይ አፍስሶ፣ እሳት ሊጭር ድንጋይ እየመታ ነበር።

«አያ ገልሞ፣ ተው!»

«ብል ብርሃን አይቶ አያልፍም አይደል?» አለ ገልሞ። ጋሻውን ወደ ኤልዳር ወረወረ። «ያዝልኝ፤ ስሜ እንዳይቃጠል! አንብብ አሁን፣ ጌታ ቀለሜ! ፊደል እንዳትዘል ብቻ!»

እሳቱ ተነሣ። ብሉ መጽሐፉን ረስቶ ወደ እርሱ ተወረወረ። ኤልዳር ወዳጁ በሚነድበት ብርሃን፣ እንባው መስመር እያደበዘዘበት፣ ቀና ብሎ ሳያይ አነበበ። የመጨረሻዋን ቃል ሲጨርስ አውሬው እፍኝ ትቢያ ሆኖ ወደቀ። ገልሞ ግን አልተነሣም።

ኤልዳር ከተማ ሲደርስ መኳንንቱ በር ላይ ጠበቁት። አባቱ ቀድሞ ሮጠ።

«ልባሱስ? ዕንቁውስ?»

«በዋሻው ካሉት ልባሶች ጋር ተቃጠለ።»

«ወይኔ!» አለ አዛዥ ባልቃድ፤ አንዳንዶቹም መኳንንት ደረታቸውን መቱ። ስለ ገልሞ የጠየቀ አልነበረም።

ኤልዳር አልፏቸው ወደ ምንጩ ሄዶ መጽሐፉን አነበበ። ድንጋዩ አጓራ፤ ውሃው ተንፎለፎለ። የመጀመሪያውን ቅል ለሲላ ሰጣት፤ ጠጥታ እስክትረካ አነበበላት። ከዚያ ዝም አለ። ውሃውም ቆመ።

ሕዝቡ ተንጫጫ። ንጉሡ፣ «ለምን አቋረጥክ?» አለ።

«የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል ግርማዊ ሆይ፦ ይህ ምንጭ የሚፈሰው በአፉ ላይ ጽሑፍ ሲነበብ ነው። እስከ ዛሬ ያጠጣችሁ የቀደሙት አባቶቻችሁ ንባብ ነበር፤ አንዲት መስመር ሳትጨምሩበት ጠጥታችሁ ጨረሳችሁት፤ የቀረችው ጠብታም መጽሐፉ ሲወሰድ አብራ ሄደች። እኔ ያለኝ አንድ ጉሮሮ ነው። ከእንግዲህ የጠማው ያንብብ።»

«እኛ… ማንበብ አንችልም» አለ የመጻሕፍት ጠባቂዎች አለቃ፣ መሬት መሬት እያየ።

ኤልዳር እሳት ያልነካውን ጋሻ በምንጩ አፍ ላይ አቆመ።

«እንግዲያው ከዚህ ይጀምሩ አባባ።»

አዛዥ ባልቃድ ቀለበት በሞላው ጣቱ ጭረቱን እየተከተለ፣ በደረቀ ምላሱ ልጁ ያለውን ደገመ።

«ገ… ል…»

ሦስተኛው ፊደል ከአፉ ሲወጣ ከድንጋዩ አንዲት ጠብታ ወደቀች።