ፀሐይ ስትገባ የወረደው ባንዲራ

ቶርኪል ስኮውቦ የሞተው ስልሳ ስድስተኛ ልደቱን ባከበረበት ቅዳሜ ነው። እሑድ ጠዋት ልጁ ጉድሩን ከኮፐንሃገን ኬክ ይዛ ስትመጣ፣ አባቷ የራሱን አሮጌ ሽጉጥ በቀኝ እጁ እንደጨበጠ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘችው። አጠገቡ በኮምፒውተር የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች፦ «አገሬን ከዳሁ፤ ይቅር በሉኝ።» ፊርማ የላትም።

የአካባቢው ፖሊስ «ራሱን ገደለ» ብሎ ለመዝጋት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። መከላከያ ሚኒስቴር ደግሞ ከፖሊሱም ባሰ። ሬሳው ሳይነሳ፣ ሰነድ ከተገኘ ሳይነበብ ታሽጎ ይላክልን የሚል ትእዛዝ አስተላለፈ። ነፍስ ይማር የምትል ቃል እንኳ አልነበረችበትም። ጉዳዩን ለማጣራት የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር ቶቬ ሊንድ የትእዛዙን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ጉድሩን ዞረች።

«ምን ሰነድ ነው የሚፈልጉት?»

ጉድሩን ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ከለቅሶ ይልቅ ንዴት ነበር የሚያንቃት። «አባቴ በዚያ በረሃ ጦርነት ጊዜ የጦሩ ጸሐፊ ነበር። አንድ ማለዳ ወታደሮቻችን የመስኖ ቦይ ሲጠርጉ የነበሩ አሥራ ዘጠኝ ገበሬዎች ገደሉ። ሪፖርቱ ላይ ‹አሥራ ዘጠኝ ታጣቂዎች ተደመሰሱ› ተባለ። አካፋቸውን አንስተው ጠመንጃ አጋደሙላቸውና ፎቶ አነሱ። አባቴ ሁለቱንም ፎቶ አይቷል፤ አካፋ ያለበትንም፣ ጠመንጃ ያለበትንም።»

«ለአለቆቹ አላመለከተም?»

«ሦስት ጊዜ ጻፈ። ሦስቴም ‹ደብዳቤህ ደርሶናል› አሉት። ይኸው ነው መልሱ፤ ደርሶናል! ስለዚህ ሰነዱን ቀድቶ ይዞ ወጣ። ሰኞ ለአንድ ጋዜጠኛ ሊሰጠው ነበር። ስድስት ዓመት ያሰበበትን ነገር ሁለት ቀን ሲቀረው ትቶ ራሱን ይገድላል? ሳይሰጥ ከሞተ እኮ እሱ ከሃዲ፣ እነዚያ ገበሬዎችም ታጣቂ እንደተባሉ ሊቀሩ ነው!»

«መጨረሻ ያነጋገርሽው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደውል አላነሳም። ከዚያም በኋላ አላነሳም።»

አስከሬኑን ያየው ሐኪምም የሞተው በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው ብሏል።

ቶቬ ቤቱን ዞረች። የመጻሕፍት መደርደሪያው ላይ ያለው አቧራ ተበጣጥሷል፤ አንድ ሰው መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አውጥቶ መልሷቸዋል። ኮሪደሩ ላይ የእንጨት ሣጥን አለ። ስትከፍተው አንድ ባንዲራ ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ፣ በካውያ የተመታ መስሎ ታጥፏል።

«አንቺ ነሽ ያጠፍሽው?»

«አልነካሁትም።» ጉድሩን ጠጋ ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ እኮ ለልደቱ የሰጠሁት ስጦታ ነው። በልደቱ ቀን ደጁ ላይ የሚሰቅለውን አሮጌውን ነፋስ ስለቀደደው አዲስ ገዝቼ በፖስታ ላክሁለት፤ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰው። ‹ሰቅዬዋለሁ፣ ያምራል› አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ግን አባቴ እንዲህ አያጥፍም። ግራ ትከሻው ስለተመታ ማጠፍ አይሆንለትም፤ እንደ ፎጣ ጠቅልሎ ነው የሚወትፈው።»

ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ኤሊኖር ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው ቆይቷል።

«እኔ ሰው አልሰልልም» አሉ፣ ከመስኮቱ ሳይርቁ። «ግን አሥር ሰዓት ላይ ውሻዬን ይዤ ሳልፍ ባንዲራው አሁንም እንደተሰቀለ ነው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው! ‹ይሄ ሰውዬ ዘንግቶት ከሆነ ስመለስ በሩን አንኳኳለሁ› አልኩ። ከጨለመ በኋላ ባንዲራ የሚያውለበልብ ለሰይጣን ሰላምታ ይሰጣል ይሉን ነበር በልጅነታችን። ስመለስ ወርዷል። እሰይ ብዬ ገባሁ።»

«ተኩስ አልሰሙም?»

«በኅዳር ቅዳሜ? ልጄ፣ አዳኞቹ ቀኑን ሙሉ ሲተኩሱ አይደል የሚውሉት!»

ቶቬ አመስግና ወጣች። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሞተ ሰው ከአሥር ሰዓት በኋላ ባንዲራ አያወርድም።

ሚኒስቴሩ ቢጠረጥርም፣ ሰነዱ መኖሩን ከጉድሩን ሌላ በእርግጥ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። የጉድሩን ባል አስገር የሚኒስቴሩ ሠራተኛ ነው። እንደተቀመጠ ላብ አጠመቀው።

«አዎ፣ ተጣልተናል። ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ፈርሞ የለም እንዴ? እያንዳንዱ ሰው ሕሊናዬ አዘዘኝ እያለ የመንግሥት ወረቀት ቢበትን አገር አገር ይሆናል?»

«አሥራ ዘጠኙ ሰዎችስ?»

አስገር በመሐረብ ግንባሩን ጠረገ።

«ባንዲራ ማጠፍ ትችላለህ?»

«ምን? በጀርባዬ ምክንያት ከወታደርነት ነፃ ነኝ። አንሶላም የምታጥፈው ጉድሩን ናት።»

ጋዜጠኛው ኡልሪክ ሲጋራውን ሦስት ጊዜ ለኩሶ ሦስቴም አጠፋው።

«እኔ ለምን እገድለዋለሁ? ሰኞ ልቀበለው ነበር እኮ!»

«ሬሳ ዜናን ያደምቃል።»

«ምን ዓይነት አፍ ነው ያለሽ!» አለ ተቆጥቶ። «‹ቶሎ ስጠኝ› እያልኩ የጨቀጨቅሁት እኔ ነኝ። እሱ ነው እንቢ ያለኝ። ‹ስሞቹን ሳልሰርዝ አልሰጥህም፤ የሰው አንገት ነው› ይለኝ ነበር። ባንዲራ ነው ያልሽኝ? እኔ ኬክ ላይ የሚሰካውን ብቻ ነው የማውቀው።»

ሦስተኛው ጡረተኛው ኮሎኔል ሄልገ ብራምሰን ነው፤ የቶርኪል የጦር አዛዥና የሠላሳ ዓመት ወዳጁ። ጉድሩን ከልጅነቷ ጀምሮ አጎቴ ነው የምትለው። ቤቱ ውስጥ አንድ ጽዋ እንኳ ከመስመር አልወጣም።

«ከተያየን ዓመት አልፎናል። ቅዳሜ ከቤቴ አልወጣሁም» አለ። «ልንገርሽ፣ ኢንስፔክተር። እዚያ አገር የተረጎሙልን፣ ፈንጂ የተቀበረበትን መንገድ የጠቆሙን ሰዎች አሉ። ስማቸው ሰነዱ ላይ አለ። ዛሬ ቢወጣ ነገ ይታረዳሉ። ቶርኪል ግን ሕሊናዬ ይላል። በሌላ ሰው አንገት የሚገዛ ሕሊና! ደግሞ አያፍርም፤ አገሩን ሊሸጥ በተዘጋጀበት ሳምንት አዲስ ባንዲራ ሰቅሎ ልደት ያከብራል።»

ቶቬ ቀና ሳትል ጻፈች። የኮሎኔሉ ክርክር የሞኝ ክርክር አልነበረም፤ መኪናዋ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ሲከራከራት መጣ። ወደ ቶርኪል ቤት ተመልሳ ሣጥኑን ከፈተች፤ ባንዲራውን አነሳች፤ ከሥሩ የተነጠፈውን ወፍራም ወረቀት ገለጠች። ሰነዱ እዚያው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ የሚኒስቴሩን ትእዛዝ ኪሷ ውስጥ እንደያዘች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስትጨርስ ወረቀቶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በቶርኪል ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ውጭ ባንዲራው ለሟቹ ክብር ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ቶቬ አልቸኮለችም። ስለ ሽጉጡ ጠየቀች፤ ስለ ሐኪሙ አወራች፤ የተባለውን መልሳ አለች። አስገር ሰዓቱን ያያል፤ ኡልሪክ ያዛጋል። ኮሎኔሉ ግን መስኮቱን ነው የሚያየው። ፀሐይዋ ከጥዶቹ ጀርባ ገባች። እግሩን አነባበረ፣ ፈታ፣ መልሶ አነባበረ። በመጨረሻ አልቻለም።

«ይቅርታ! መሽቷል እኮ። ባንዲራውን የሚያወርድ ሰው የለም?»

«ያውርዱት» አለች ቶቬ።

ወጣ። መሬት ሳያስነካ አወረደው፤ ብቻውን አጠፈው፤ በሁለት እጁ ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቶቬ እሑድ ባንዲራው ሣጥኑ ውስጥ ታጥፎ ሳለ ያነሳችውን ፎቶ ከጎኑ አስቀመጠች። ጠርዝ ከጠርዝ፣ መስመር ከመስመር አንድ ነው። ጉድሩን በእጇ አፏን ያዘች።

«ቶርኪል ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሞቷል» አለች ቶቬ። «ባንዲራው የወረደው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከሬሳው ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቷል፤ ሰነድ ሲፈልግ። ፀሐይ ስትገባ እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ መሄድ ይችል ነበር። ግን ባንዲራው እንደተሰቀለ ነው፤ ባንዲራ አስመሽቶ መሄድ ደግሞ ለእሱ ነውር ነው። አስገር አንሶላ አያጥፍም። ኡልሪክ ከኬክ ባንዲራ አያልፍም። ኮሎኔል፣ እርስዎ ቶርኪልን ዓመት ሙሉ አላየሁትም ብለውኛል። ባንዲራው አዲስ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ጉድሩን ነግራኝ...»

«አልነገርኩህም!» ጮኸች ጉድሩን።

ኮሎኔሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። «እሺ። አድርጌዋለሁ። የእነዚያን ሰዎች ነፍስ ለማዳን ነው ያደረግሁት። ስማቸው...»

ቶቬ ወረቀቶቹን ባንዲራው አጠገብ ዘረገፈቻቸው። «ሣጥኑ ውስጥ፣ ከንጣፉ ሥር ነበሩ። ባንዲራውን በክብር ስታስገባ እጅህ አንድ ስንዝር ነበር የቀረው። ሌላውን ሁሉ በርብረህ የባንዲራ ሣጥን መበርበር ግን አልደፈርክም። ስሞቹን አሳየኝ እስቲ።»

ገለጠ። የአስተርጓሚዎቹ፣ የጠቋሚዎቹ፣ የመንደሮቻቸው ስም ሁሉ በጥቁር ብዕር ተሰርዟል፤ እየተደጋገመ፣ ብርሃን ላይ ቢይዙት እንኳ እስከማይታይ። ሠላሳ አራት ገጽ። ሳይሰረዝ የቀረ አንድ ስም ብቻ ነው፤ «ጠመንጃዎቹን አጠገባቸው አጋድሙ» ከሚለው ትእዛዝ ሥር፣ ሄልገ ብራምሰን።

ኮሎኔሉ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ለጨርቁ ተጨነቅህለት» አለች ጉድሩን፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። «እንዳይመሽበት! አባቴን ግን ደሙ ላይ ትተኸው ሄድህ። እነዚያንም ቦይ ውስጥ ጥለሃቸው ሄድህ። አጎቴ እልህ ነበር እኮ!»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። አስገር ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰነዱ... ታሽጎ መላክ አለበት። ትእዛዝ ነው።»

«የተገደለበት ምክንያት ይሄ ነው» አለች ቶቬ። «ምክንያቱን ሳልናገር ገዳይ ፍርድ ቤት አላቀርብም። ኮሎኔሉ ባይገድለው ኖሮ ቶርኪልን በሕግ ከሶ ዝም ማሰኘት ይቻል ነበር። አሁን ግን ሰነዱን የግድያ ማስረጃ አደረገው። ችሎቱን በር ዘግተው ያዩት ይሆናል፤ የዛሬው በር ግን አልተዘጋም።»

የመጀመሪያውን ገጽ አነሳች፤ ግን ክፍሉ ጨልሟል፣ ፊደሉ አይታይም። አስገር ተነሳ። ጉድሩን ለሚኒስቴሩ ሊደውል ነው ብላ መንገዱን ዘጋችበት። እሱ ግን ባጠገቧ አለፈና የአማቱን የጠረጴዛ መብራት አብርቶ ወደ ቶቬ አስጠጋው።

«ጮክ ብለሽ» አለች ጉድሩን።

«‹በዚያ ማለዳ ቦዩ ዳር ቆሜ አሥራ ዘጠኝ አካፋ ቆጥሬያለሁ› ይላል» ስትል ጀመረች ቶቬ። ኡልሪክ ብዕሩን አወጣ።